ብዙ ሕመምተኛ፣ ጥቂት ከፋይ፦ ካላዛር አዲስ መድኃኒት ለምን ይዘገይበታል?

ወድ ኤል ሒለው፣ ምሥራቅ ሱዳን — የተከዜ ወንዝ የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግሮ ሰቲት የሚል ስም ከያዘ በኋላ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ ወድ ኤል ሒለው ናት። ዙሪያዋ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። አፈሩ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ግራሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ቢሄድም፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ይህ መሬት ከገዳሪፍ እስከ መተማ፣ ከሃምዳዬት እስከ ሁመራ አንድ ዓይነት መልክ አለው።

ለአራሹ ሲሳይ የሆነው ይኸው መሬት ለአንዲት ትንሽ ዝንብም ይመቻታል። የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። ከወባ ትንኝ በብዙ ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም፤ ቀን በአፈሩ ስንጥቅና በዛፍ ቅርፊት ተሸሽጋ ውላ ሌሊት ትናከሳለች። በንክሻዋ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስከትለው በሽታ ካላዛር ይባላል።

ቃሉ ከሕንድ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “ጥቁር ትኩሳት” ነው። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ካልታከመ ከ100 ሕመምተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ50 ሺህ እስከ 90 ሺህ ሰዎች አዲስ እንደሚያዙ ይገመታል። በቅርብ ዓመታት ከተመዘገቡት መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው ምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን፣ በሱዳን ውስጥ ደግሞ ገዳሪፍ የበሽታው ዋና መናኸሪያ ሆና ቆይታለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በሽታው ለዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ከባድ ነው፣ ገዳይ ነው፣ ሕመምተኛውም ብዙ ነው። ለከባድና ለተስፋፋ በሽታ አዲስ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ትርፉ ሰፊ ነው ሲባል እንሰማለን። ያ አባባል በሰቲት ዳር ለምን ሳይሠራ ቀረ?

የገበያው ሒሳብ

የመድኃኒት ኩባንያዎች ስለ “ገበያ” ሲያወሩ የሚቆጥሩት ሕመምተኛን ሳይሆን ከፋይን ነው። ከፋዩ ሕመምተኛው ራሱ፣ የጤና መድን፣ መንግሥት ወይም ለጋሽ ሊሆን ይችላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ገበያ የሰፋው የታማሚው ቁጥር ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ስለሚወሰድና በበለጸጉት አገራት ሒሳቡን በየወሩ የሚዘጋ መድን ስላለ ጭምር ነው። ካላዛር በሁሉም ረገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሕመምተኛው አንድ ጊዜ ታክሞ ይድናል። የሚኖረው ከአስፋልት መንገድ ርቆ ነው። መድን የለውም።

ሒሳቡን ጨክነን እንሥራው። አንድ አዲስ መድኃኒት ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ ለሽያጭ እስኪበቃ የሚጠይቀው ወጪ እንደ አጥኚው ይለያያል፤ ዝቅተኛዎቹ ግምቶች ጥቂት መቶ ሚሊዮን፣ ከፍተኛዎቹ ደግሞ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ናቸው። አሁን በዓለም ያለው የካላዛር ሕመምተኛ ሁሉ ተገኝቶ፣ እያንዳንዱ 100 ዶላር ከፈለ እንበል። 50 ሺህ ሰው በዓመት 5 ሚሊዮን፣ 90 ሺህ ሰው 9 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል። የምርትና የማጓጓዣ ወጪ ገና አልተቀነሰም። ይህን ገቢ ከላይኛው ወጪ ጋር ያስተያየ የኩባንያ ሒሳብ ሹም ፋይሉን ቢዘጋ አይፈረድበትም። ደግሞስ ለሰሊጥ አጨዳ ከወረዱ የቀን ሠራተኞች መካከል ለመድኃኒት ብቻ 100 ዶላር የሚከፍል ስንት ይገኛል?

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1975 እስከ 1999 በዓለም ለገበያ ከቀረቡት 1,393 አዳዲስ መድኃኒቶች ውስጥ ለሐሩራማ በሽታዎችና ለሳንባ ነቀርሳ የተሠሩት 16 ብቻ ነበሩ። ይህ የሆነበት ዘመን ደግሞ ካላዛር ዝም ያለበት ዘመን አልነበረም። ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው ምድር፣ በምዕራብ ላይኛው ናይል፣ ከ1984 ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ወረርሽኙ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን እንደፈጀ ተገምቷል። ከሞቱት አብዛኞቹ በየትኛውም የሽያጭ ትንበያ ውስጥ አልነበሩም።

ለሌላ በሽታ የታሰቡ መድኃኒቶች

ዛሬ ለካላዛር የሚሰጡትን መድኃኒቶች የትውልድ ሐረግ መመልከት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል።

ጥንታዊው በአንቲሞኒ ላይ የተመሠረተው ነው። አንቲሞኒ በጥንት ዘመን ኩል ይሠራበት የነበረ ማዕድን ነው። በ1920ዎቹ ሕንዳዊው ሐኪም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በካልካታ ከዚህ ማዕድን የቀመመው መድኃኒት የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ዛሬም በገዳሪፍና በጎንደር የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የዚያው ቤተሰብ አባል ሲሆን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ለካላዛር ተብሎ የተሠራው እሱ ነው፤ የተሠራውም በሽታው የብሪታኒያ ቅኝ ገዢዎችም ራስ ምታት በነበረበት ዘመን መሆኑ ልብ ይሏል። መርፌው ያማል፤ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ለ30 ቀናት ይወጋ ነበር።

ሌሎቹ ወደ ካላዛር የመጡት ከሌላ መንገድ ነው። አምፎቴሪሲን በ1950ዎቹ ከቬንዙዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ፓሮሞማይሲን የአንጀት ተሕዋስያንን ለማከም የተሠራ አንቲባዮቲክ ነበር፤ ለካላዛር በሕንድ የተፈቀደው ከዓመታት በኋላ በ2006 ነው። ሚልቴፎሲን ጀርመን ውስጥ ለካንሰር ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ በ2002 በሕንድ ሲፈቀድ በአፍ የሚዋጥ የመጀመሪያው የካላዛር መድኃኒት ሆነ። እስካሁንም ብቸኛው እሱ ነው። ፅንስን ስለሚጎዳ ግን ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ልትወስደው አይገባም።

በሌላ አነጋገር የሰቲት ዳር ሕመምተኛ ሲታከም የኖረው ሌላ ሕመምተኛ በከፈለው ወይም ይከፍላል ተብሎ በታሰበው ምርምር ነው። ችግሩ የሌላ ሰው ልብስ ሁልጊዜ ልክ አለመሆኑ ነው። አምቢሶም በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የተሻሻለው አምፎቴሪሲን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት። የገዳሪፍ ሙቀት በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ በደረሰበት ቦታም ቢሆን ውጤቱ እንደ ሕንዱ አልሆነም። በሕንድ የአምቢሶም አንድ ልክ በአንድ ቀን ተሰጥቶ ከ100 ሰው 95 ያህሉን ይፈውሳል። ባንግላዴሽ በ2023 ካላዛርን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን በማስወገድ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን ይህ ሕክምና ትልቅ ድርሻ ነበረው። በምሥራቅ አፍሪካ ተመሳሳዩ ሲሞከር ግን በአንድ ጊዜ ልክ የዳኑት፣ እንደ መጠኑ፣ ከ100 ከ40 እስከ 58 ብቻ ሆኑና ሙከራው ተቋረጠ። በሽታው አንድ ስም ቢኖረውም አንድ ገበያ እንኳ አይደለም ማለት ነው። ለጋንጅስ ሸለቆ የሠራው ለዋልካው ሜዳ እንደገና መጠናት አለበት፤ የጥናቱን ወጪም እንደገና የሚከፍል ያስፈልጋል።

125 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ወረቀት

መንግሥታት ይህን ክፍተት በማበረታቻ ለመሙላት ሞክረዋል። በ2007 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ችላ ለተባለ ሐሩራማ በሽታ መድኃኒት አስፈቅዶ የወጣ ኩባንያ “የቅድሚያ ግምገማ ቫውቸር” ይሰጠዋል። ቫውቸሩ ሌላ ማንኛውንም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ብዙ ትርፍ የሚያስገኝ የጉበት ወይም የልብ መድኃኒት፣ በአሥር ወር ፈንታ በስድስት ወር ለማስገምገም ያስችላል። ኩባንያው ራሱ ሊጠቀምበት ወይም ሊሸጠው ይችላል።

በመጋቢት 2014 ሚልቴፎሲን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ቫውቸሩንም ናይት ቴራፒዩቲክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ አገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቫውቸሩን ለጊሊያድ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ጊሊያድ የአምቢሶም ባለቤት መሆኑን አንባቢ ልብ ይላል።

ከላይ ወደ ሠራነው ሒሳብ እንመለስ። 50 ሺህ ሕመምተኞች በየዓመቱ 100 ዶላር ቢከፍሉ፣ 125 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ 25 ዓመት ይወስዳል። ቫውቸሩ ያንን በአንድ ሽያጭ አስገኘ። የማበረታቻው ደጋፊዎች ገበያ በሌለበት ገበያ መፍጠር ይሏችኋል ይህ ነው ይላሉ። ተቺዎቹ ድንበር የለሽ ሐኪሞችን ጨምሮ የሚያነሱት ነጥብ ግን ክብደት ያለው ይመስለኛል። ሚልቴፎሲን በ2014 አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ሕንድ ውስጥ ከተፈቀደ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ለጥናቱም የሕዝብ ገንዘብ ገብቶበታል። ሕጉም ቫውቸር የተቀበለውን ኩባንያ መድኃኒቱን ለሚፈልጉት አገራት በሚችሉት ዋጋና በበቂ መጠን እንዲያቀርብ አላስገደደውም። ሽልማቱ የተሰጠው ለፈቃዱ እንጂ መድኃኒቱ ዶካ ወይም አብደራፊ ስለመድረሱ አልነበረም።

ነጻ መድኃኒት፣ ውድ ሕመም

በሱዳንም በኢትዮጵያም የካላዛር መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ይሰጣል። ከዚህ ተነሥቶ የዋጋ ጉዳይ አብቅቷል የሚል ሰው ቢኖር፣ በገዳሪፍ የተካሄደና በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ሌላ ይነግረዋል። አንድ ሰው በካላዛር ታሞ እስኪድን የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ በመካከለኛ ስሌት 450 ዶላር ሲሆን፣ መድኃኒቱ ነጻ ሆኖ ሳለ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው። ይህ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ 40 በመቶ ያህል ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለመኪና፣ ለምግብ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ለተደረጉ ምርመራዎችና ሳይሠራ ለቀረ ሥራ ነው።

ከጎጃም ወይም ከደቡብ ጎንደር ለአረምና ለአጨዳ የወረደ አንድ ወጣት እናስብ። ሌሊቱን ከእርሻው ዳር ሜዳ ላይ ያድራል። ዝንቧ ብትነክሰው እንኳ ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ትኩሳቱ ሲጀምረው የወባ ክኒን ይገዛል፤ አይሻለውም። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ይባላል። ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ ገንዘቡ አልቋል፤ እሱም ከስቷል። ከዚያ በኋላ ገና የሆስፒታል አልጋ ይጠብቀዋል።

ያ ወጣት ወደ ቀዬው ከተመለሰም ታሪኩ በእሱ አያበቃም። በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ካላዛር ያልተለመደበት ደጋማ አካባቢ፣ በርካታ ሰዎች ባልታወቀ ትኩሳት መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ከሁመራና ከመተማ ቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደመጣ ይታመናል። እስከ 2007 ድረስ ከ2 ሺህ 400 በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ተመዝግቧል። ከቆላ የተመለሰና ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው ሰው የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ስለ ካላዛር እንዲጠይቅ ሐኪሞች የሚመክሩት ለዚህ ነው።

የአንድ አዲስ መድኃኒት ዋጋ እዚህ አካባቢ የሚለካው በአልጋ ቀናት ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። 30 ቀን የሚተኛ ሰው የሰሊጡን አጨዳ ያጣል። አጠገቡ ሆኖ የሚያስታምመው ወንድም ወይም እናትም እንዲሁ። ይህ ትርፍ በየትኛውም ኩባንያ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ለድሃ ቤተሰብ ግን ከመድኃኒቱ የመሸጫ ዋጋ ይልቃል።

ቀናቱን ያሳጠሩት

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የታየው ለውጥ በአብዛኛው የመጣው ትርፍ ከማይፈልጉ ተቋማት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1999 ከተሸለመው የኖቤል ገንዘብ ከፊሉን ይዞ፣ ከሌሎች የምርምር ተቋማት ጋር በ2003 ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያበለጽግ ድርጅት በጄኔቫ አቋቋመ፤ ዲኤንዲአይ በሚል ምኅጻረ ቃል ይታወቃል። በዚያው ዓመት የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች የሚገናኙበት ሊፕ የተባለ የጋራ መድረክ ካርቱም ላይ ተመሠረተ።

የመጀመሪያው ፍሬ አዲስ ቅመም አልነበረም። የድሮውን አንቲሞኒ ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ መስጠት 30 ቀኑን ወደ 17 ቀን አወረደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ጥምረቱን ለአካባቢው ቀዳሚ ሕክምና እንዲሆን መከረ። የመርፌው ሥቃይና የአንቲሞኒ መርዛማነት ግን አብረው ቀሩ፤ እንዲያውም መርፌው በቀን ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ አንቲሞኒውን አውጥቶ ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን ጋር ማጣመር ተሞከረ። በአራቱ አገራት፣ ጎንደርና ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ ባሉበት ጣቢያዎች፣ 439 ሕመምተኞች ተሳተፉ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ አዲሱ ጥምረት ከ100 ወደ 91 የሚሆኑትን ፈውሷል፤ ከነባሩ ሕክምና አላነሰም። ሕክምናው 14 ቀን ሲሆን በቀን አንድ መርፌ ብቻ ነው። ሦስት ቀንና በርካታ መርፌ ማትረፍ ከሩቅ ሲታይ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ከተወጊዎቹ ግማሽ ያህሉ ልጆች ለሆኑበት በሽታ ግን ጥቂት አይደለም።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጨማሪ ሸክም አለ። ከካላዛር ሕመምተኞች አምስተኛው ያህል ኤችአይቪም በደሙ ውስጥ ይገኛል ተብሎ ሲገመት ቆይቷል። እነዚህ ሰዎች ታክመው ደጋግመው ያገረሽባቸዋል፤ አንቲሞኒም ይጎዳቸዋል። በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ጥናት መነሻነት የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አምቢሶምና ሚልቴፎሲን ተጣምረው እንዲሰጧቸው መክሯል። ይህን ጥናት በትርፍ ስሌት የሚጀምረው ኩባንያ አይገኝም ነበር።

ያልተቆጠረ ሕመምተኛ

ከፋዩ ለጋሽ ሲሆንም ሌላ ሥጋት አለ። አምቢሶም ከ2011 ጀምሮ ወደ ድሃ አገራት የሚመጣው በአብዛኛው ጊሊያድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በሚሰጠው ልገሳ ነው። ብሪታኒያ በ2021 የውጭ ርዳታዋን ስትቀንስ ለችላ የተባሉ በሽታዎች ትደግፈው የነበረው ትልቁ ፕሮግራሟ ተቋርጧል። ለአንድ ሕመምተኛ የሚታዘዘው መድኃኒት በሌላ አገር የበጀት ክርክር ላይ ያድራል ማለት ነው። ጥራታቸው የተረጋገጠ አምራቾች በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸውም ትዕዛዝ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት፤ ወረርሽኝ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ቀድሞ ለማዘዝ መቁጠር ያስፈልጋል። በሱዳን በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት የአገሪቱን የመድኃኒት መጋዘኖችና ፋብሪካዎች በብዛት የያዘችውን ካርቱምን አወደመ። ወደ ገዳሪፍ የሚመጣ አቅርቦት ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በከሰላ በኩል ረጅሙን መንገድ ይጓዛል። ግዛቲቱ በ2020 ከትግራይ የተሰደዱትን በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ተቀብላለች፤ ኋላም ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉ በርካታ ሱዳናውያንን አስጠግታለች። በሽታውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ዝንቧ ባለችበት ሜዳ ሲሰፍር ለሕመሙ ይበልጥ ይጋለጣል። ጤና ጣቢያ ሲዘጋ ግን በሪፖርት ላይ የሚታየው ቁጥር ይቀንሳል። ሕመምተኛው ሳይቀንስ ፍላጎቱ የቀነሰ ይመስላል፤ የቀጣዩ ዓመት ትዕዛዝም በዚያው ልክ ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ ባለበት አንድ በእውነት አዲስ የሆነ ቅመም ጎንደር ደርሷል። ኤልኤክስኢ408 ይባላል። የስዊዘርላንዱ ኖቫርቲስ ያገኘውና ከ2020 ጀምሮ ከዲኤንዲአይ ጋር የሚያበለጽገው ነው። በአፍ ይዋጣል፤ የሚሠራውም ተሕዋሱ የተበላሹ ፕሮቲኖቹን የሚያስወግድበትን ሥርዓት በማገድ ነው። በ2024 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራው ተጀምሯል፤ በሕንድም ይጠናል። ኖቫርቲስ መድኃኒቱ ከተፈቀደ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማሰራጨት ቃል ገብቷል።

ሙከራው ቢሳካ እንኳ በብዙ ሕመምተኞች ላይ የሚደረገው ቀጣዩ ምዕራፍ፣ ከዚያም የየአገሩ ፈቃድ ይቀራል። የጤና ሚኒስቴሮች በሕክምና መመሪያቸው ውስጥ ማስገባት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዝርዝሩ ማካተት፣ አንድ ከፋይ ደግሞ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ መፈረም ይኖርባቸዋል። ክኒን መሆኑ አንድ ነገር ያቀላል፦ በወድ ኤል ሒለው ዓይነት ከተማ ያለ ጤና ሠራተኛ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ መርፌ ሊሰጠው ይችላል፤ ሕመምተኛውም ከእርሻው ብዙ ሳይርቅ ይታከማል።